ያውቁ ኖሯል? ዳገቱን የሚያከብደው ጥላሸት

ናፍጣ መኪናዎ ከደዴሳ ሸለቆ ወደ ነቀምቴ ሽቅብ ሲወጣ ጉልበት አንሶት ጥቁር ጭስ ቢተፋ፣ ጥፋቱ ሁልጊዜ የነዳጅ ፓምፑ አይደለም። ኢጂአር ቫልቭ የሚባለው ትንሽ መዝጊያ በጥላሸት ተይዞ ክፍት ቀርቶ ሊሆን ይችላል።

ቫልቩ ከቃጠሎው ጭስ ጥቂቱን ወደ ሞተሩ አየር መግቢያ ይመልሳል። ይህ ጭስ ኦክስጅኑ አነስተኛ ስለሆነ የቃጠሎውን ሙቀት ያበርዳል፤ ሳንባ የሚጎዳው ናይትሮጅን ኦክሳይድም ይቀንሳል። ችግሩ ጥላሸቱ ከሞተር ዘይት ተን ጋር ተገናኝቶ እንደ ሬንጅ መጋገሩ ነው። ነቀምቴ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሯ ከባሕር ዳርቻው አየር በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ክፍት የቀረ ቫልቭ ይህ የሳሳ አየር ሊገባበት የሚገባውን ቦታ በጭስ ይሞላዋል።

ብዙ ጊዜ ማጽዳት ይበቃል። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ቫልቩን ፈትቶ በካርቡሬተር ማጽጃና በለስላሳ ብሩሽ ማጠብ፣ ፈሳሹን ከኤሌክትሪክ ክፍሉ ማራቅ፣ ጓርኒሲዮኑን በአዲስ መተካት። በካቻቢቴ መፋቅ ግን የመዝጊያውን መቀመጫ ይጭረዋል፤ ከዚያ ወዲያ አጥብቆ አይዘጋም። ዘንጉ ታጥቦም አልንቀሳቀስ ካለ ወይም የኤሌክትሪክ ክፍሉ ከተቃጠለ መቀየር ግድ ነው።

የጭስ መመለሻ መስመሩን በቆርቆሮ ደፍነው የሚገላገሉም አሉ። እኔ አልመክረውም፤ ናይትሮጅን ኦክሳይዱ ይጨምራል፤ መናኸሪያ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ያን ጋዝ የሚስቡት ደግሞ ረዳቶችና ቆሎ ሻጮች ናቸው።