የሥዕል የቤት ሥራውን የሠራው ማነው?

ከዓመታት በፊት የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎቼን «ጀበና ሥላችሁ አምጡ» ብዬ የቤት ሥራ ሰጠሁ። በሳምንቱ ሥራዎቹን ስሰበስብ አንዱ ዓይኔን ያዘው። አንገቱ ቀጥ ያለ፣ ጥላው በጥንቃቄ የተሠራ፣ ረከቦቱ ሳይቀር የተሣለለት ጀበና ነው። ከ10 አሥር ሰጠሁት። ከሥሩ የነበረው የአንዲት ተማሪ ጀበና ግን አንገቱ የተጣመመ፣ እጀታው ከሆዱ የራቀ ነበር። ለእሷ 6 ሰጠኋት።

በማግስቱ ልጁ ወደ ሰሌዳው ወጥቶ ጀበናውን ለክፍሉ እንዲሥል ጠየቅሁት። ጠመኔውን ይዞ ቆመ። ጥቂት ቆይቶ «አባዬ ነው የሣለልኝ» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ባለ ስድስቷ ልጅ ግን አልሳቀችም፤ ወረቀቷን አጥፋ ደብተሯ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ በኋላ የምታመጣቸው ሥራዎች ሁሉ ንጹሕና የሚያማምሩ ሆኑ። ከመጻሕፍት ላይ ስስ ወረቀት አስደግፋ እንደምትገለብጣቸው ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። እንዲህ እንድታደርግ ያስተማርኳት እኔው ነበርኩ።

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ይባላል። ብዙ ወላጆችም የልጃቸው ማርክ እንዳይቀንስ ሲሉ ቡኮውን ራሳቸው ያቦካሉ። ሆኖም በእነሱ ብቻ አልፈርድም። እኔ የጠየቅሁት ያለቀ ሥዕል ብቻ ነበር፤ ያለቀ ነገር ደግሞ ከአባትም፣ ከታላቅ ወንድምም፣ ከማተሚያ ቤትም ይገኛል። ከዚያ ወዲህ የቤት ሥራ መስጠቱን ትቼ የሥዕል ፕሮጀክት መስጠት ጀመርኩ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ለወላጆችም ይጠቅማልና ከክፍሌ በወሰድኳቸው ምሳሌዎች ላስረዳ።

ፕሮጀክት የሚጀምረው ከጥያቄ ነው። ለሰባተኛ ክፍሎች አሁንም ያንኑ ጀበና ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣለሁ። ተማሪው ዓይኑን ከጀበናው ሳይነቅል፣ ወረቀቱን ሳያይ፣ እርሳሱንም ሳያነሳ የጀበናውን ዳር ተከትሎ ይሥላል። የሚወጣው ነገር ያስቃል፤ የሁሉም ስለሚጣመም ግን የሚሸማቀቅ የለም። ቀጥሎ ጀበናውን ትተው በእጀታውና በሆዱ መካከል ያለውን ክፍት ቦታ ቅርጽ ብቻ ይሥላሉ። በሦስተኛው ወረቀት ላይ ወደ ጀበናው ይመለሳሉ። ሦስቱ ወረቀቶች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ለውጡን ተማሪው ራሱ ያየዋል። ብዙዎቻችን ስንሥል እጃችን የሚከተለው በልባችን የያዝነውን ጀበና ነው። ይህ ልምምድ ፊታችን ያለውን እንድናይ ያስገድደናል።

ሁለተኛው ፕሮጀክት ሐረግ ነው። በጥንት የብራና መጻሕፍታችን የምዕራፍ መክፈቻ ላይ የሚታየው፣ እርስ በርሱ እየተጠላለፈ የሚሄደው ጌጥ ማለቴ ነው። የሒሳብ ደብተር ካሬዎች ላይ ነጥብ እናስቀምጣለን፤ አንድ ትንሽ ቅርጽ እንሠራና እየደጋገምን፣ እያገላበጥን እንቀጥለዋለን። መስመሩ አንዴ ከላይ፣ አንዴ ከሥር ማለፍ አለበት፤ አንዱ ከተሳሳተ ጠለፋው በሙሉ ይፈርሳል። ሒሳብ የሚፈሩ ልጆች ስለ ሲሜትሪ ሳያውቁት ሲከራከሩ እሰማለሁ። ማጠቃለያው ግን የየራሳቸው ነው፤ ከእናታቸው ነጠላ ጥለት ወይም ከቤታቸው መሶብ አንድ ቅርጽ ወስደው፣ ከሦስት በማይበልጡ ቀለሞች አዲስ ሐረግ ይፈጥራሉ።

ለዘጠነኛ ክፍሎች የምሰጠው ሕትመት ነው። ከጎሚስታ ቤት ያገለገለ ካላማዳሪ ይለምናሉ፤ በመቀስ ቅርጽ ቆርጠው በኮላ ኮምፔንሳቶ ላይ ይለጥፋሉ፤ በስፖንጅ ቀለም ቀብተው ወረቀት ላይ ያትማሉ። በመጀመሪያው ቀን ስማቸውን ማተም የሞከሩ ሁሉ ፊደሉ በመስታወት እንደሚታይ ተገልብጦ ይወጣባቸዋል። ቀድሜ አልነግራቸውም። በሁለተኛው ቀን ፊደሉን ገልብጠው ይቆርጣሉ፤ ቀለም ሲበዛ እንደሚጨማለቅ፣ ሲያንስ እንደሚገረጣም በእጃቸው ይማራሉ። ፕሮጀክቱ የተበላሹትን ወረቀቶች ጭምር ይጠይቃል። ያለ እነሱ አልቀበልም።

ለአሥረኛ ክፍሎች የማስቀምጠው ትልቁን ነው፤ አምስት ሳምንት ይፈጃል። መነሻው የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ በ1950ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባው የአፍሪካ አዳራሽ የሠሩት የመስታወት ሥዕል ነው። 150 ካሬ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ይህ ሥራ የአፍሪካን ትናንት፣ ዛሬና ነገ በሦስት ክፍል ያሳያል። በፎቶግራፍ አጥንተነው እያንዳንዱ ተማሪ የሰፈሩን ትናንት፣ ዛሬና ነገ ይሠራል። በመጀመሪያ ከሰፈሩ አንድ አዛውንት ያነጋግራል፤ ከዚያ ቢያንስ አምስት ንድፎች ያወጣል። በመጨረሻም ጥቁር ካርቶን ፈልፍሎ ክፍተቶቹን ከከረሜላ መጠቅለያ በሚገኝ ባለቀለም ላስቲክ ይሸፍንና መስኮት ላይ ይሰቅለዋል። ቢጫው በሰማያዊው ላይ ሲደረብና ብርሃን ሲያልፍበት አረንጓዴ መሆኑን ያኔ ያያሉ።

ብዙ ነባር ሰፈሮች በፈረሱባት አዲስ አበባ ይህ ቀላል ርዕስ አይደለም። አንድ ተማሪ በ«ትናንት» ክፍሉ የፈረሰ ቤታቸውን በር ብቻ ሠርቶ አመጣ። በሩ ትንሽ ዘሟል። ለምን በሩን ብቻ እንደሠራ ስጠይቀው «ሌላውን በደንብ አላስታውሰውም፤ በሩን ግን ስከፍተው የሚያሰማውን ድምፅ ሁሉ አውቀዋለሁ» አለኝ። ይህን ሥራ አባቱ ሊሠራለት አይችልም ነበር።

የማርክ አሰጣጤንም ቀይሬዋለሁ። ከ10 ነጥብ 4ቱ ለንድፎቹ፣ 2ቱ ለሙከራዎቹ፣ 2ቱ ተማሪው ስለ ሥራው በክፍል ለሚሰጠው ማብራሪያ ነው። ለመጨረሻው ሥዕል የቀረው 2 ብቻ ነው። እጁ ገና ያልፈታ ነገር ግን አምስት ጊዜ የሞከረ ልጅ 8 ያገኛል፤ የሰው ሥራ ይዞ የመጣው 2 ላይ ይቆማል።

ከወላጆች የምለምነው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ የተበላሸ ወረቀት አይጣልባቸው። ሁለተኛ፣ ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ሰዓት ያህል ጠረጴዛውን ይልቀቁላቸው፤ ቀለም መፍሰሱ አይቀርም፣ ጋዜጣ ያንጥፉበት። ሦስተኛ፣ «ይሄ ደግሞ ምንድነው?» ከማለት «እዚህ ጋ ምን አየህ? እዚህ ጋ ምን አየሽ?» ብለው ይጠይቁ። እርሳሱን ለመቀበል እጅዎ ቢዘረጋ እንኳ ይመልሱት።

ያቺን ባለ ስድስት ልጅ ዛሬ ባገኛት የመጀመሪያውን ጀበናዋን እጠይቃት ነበር። በእርግጥ የተጣመመ ነበር። ከዚያ ሁሉ ክምር ውስጥ ግን አንዲት ልጅ ቁጭ ብላ ጀበናውን እያየች የሣለችው እሱን ነበር፤ እኔም ማረም የነበረብኝ ይህንኑ ነበር። ልጅ ያቦካው ለእራት ባይበቃም፣ እጁን ቡኮው ውስጥ ሳይከት ያደገ ልጅ ነገ እንጀራ ሊጋግር አይችልም።