ስፖኪዮ የሚያየውና የማያየው

እህቶቼ፣ የዛሬው ተራ የእኔ ነውና ስለ መኪና ስፖኪዮ እነግራችኋለሁ። አትሳቁ። «መኪና የለን፣ መንጃ ፈቃድ የለን፣ ስፖኪዮ ምን ያደርግልናል» እንደምትሉ አውቃለሁ። አዲስ አበባ ያደጋችሁማ ስፖኪዮ ሲባል ትዝ የሚላችሁ ሌባው ነው። ግን እስቲ አስቡት፤ መኪናውን የምታጥበው ማን ናት? ከኋላ ወንበር ልጆቹን ይዛ የምትቀመጠው ማን ናት? ማዳም ከፓርኪንግ ስትወጣ በአንድ እጇ ከረጢት በአንድ እጇ ሕፃን ይዛ መኪናው አጠገብ የምትቆመውስ? እኛው ነን።

ነገሩን የተማርኩት የልጆቹ አባት የጂፑን የግራ ስፖኪዮ መስታወት ሲቀይር ባትሪ ይዤ ሳበራለት ነው። እሱ የሚያስረዳ ሰው ነው፣ እኔም የምጠይቅ ነኝ። እዚህ ቤሩት እንደምታውቁት ብዙ መኪና ከአሜሪካ አገልግሎ የመጣ ነው። የአሜሪካ ሕግ በሹፌሩ በኩል ያለው መስታወት ዝርግ እንዲሆን ያዛል፤ ልክ መኝታ ቤት እንዳለው መስታወት ማለት ነው። በሌላው በኩል ያለው ግን አብዛኛውን ጊዜ ወደ ውጭ ትንሽ ያበጠ ነው። እሱ ላይ በእንግሊዝኛ «በመስታወቱ የሚታዩት ነገሮች ከሚመስሉት ይልቅ ቅርብ ናቸው» የሚል ጽሑፍ አለ። ቆሻሻ መስሏት ጽሑፉን በስፖንጅ ስትፈገፍግ የቆየች እህት አውቃለሁ፤ እዚህ አለች፣ ስሟን አልጠራም። በአውሮፓ ግን በሁለቱም በኩል ያበጠ መስታወት ይፈቀዳል።

ያበጠ መሆኑ ምን ይጠቅማል? ማታ ወጥ ቤት ስትገቡ የሚያብረቀርቅ የብረት ጭልፋ አንሡና ጀርባውን ተመልከቱ። ፊታችሁ ትንሽ ሆኖ ይታያል፤ ግን ጣሪያው፣ መስኮቱ፣ ፍሪጁ፣ በሩ ሁሉ አብሮ ገብቷል። የጭልፋውን የምታህል ዝርግ መስታወት ብትይዙ የምታዩት ፊታችሁን ብቻ ነው። ያበጠ መስታወት ብዙውን ነገር ጨምቆ በጠባብ ቦታ ያስገባል። ለመጨመቅ ደግሞ ሁሉንም ያሳንሳል፤ ያነሰ ነገር ለዓይናችን የራቀ ይመስላል። አሥረኛ ክፍል የፊዚክስ አስተማሪያችን በሰሌዳ ላይ መስመር እያሰመረ ሲያስረዳ ግማሹ ክፍል ያንቀላፋ ነበር፤ ጭልፋ ይዞ ቢመጣ ኖሮ ማንም አይተኛም።

ልዩነቱ በቁጥርም ይነገራል። በአሜሪካ ድሬክስል ዩኒቨርሲቲ የሂሳብ አስተማሪ የሆነ አንድሩ ሂክስ የሚባል ሰው በፈረንጆች 2012 ዓ.ም. ለአዲስ የሹፌር መስታወት የፈጠራ መብት አግኝቷል። የእሱ መስታወት 45 ዲግሪ ያህል ያሳያል፤ የተለመደው ዝርግ መስታወት ግን ከ15 እስከ 17 ዲግሪ ነው። ዲግሪ ላስቸገራችሁ በአምባሻ ልንገራችሁ። አንድ አምባሻ ለስምንት ሲቆረስ አንዱ ቁራሽ 45 ዲግሪ ነው። ለሃያ አራት ሲቆረስ አንዱ 15 ነው። እንግዳ ቢመጣና ያቺን የሃያ አራተኛ ቁራሽ ብትሰጡት ምን ይላል? በዝርግ መስታወት የሚነዳ ሰው በስፖኪዮው የሚያየው መንገድ ያቺን ያህል ነው።

በቀረው ቦታ ሞተር ሳይክል ይጠፋል። የቤሩትን ሞተር ታውቁታላችሁ። ከኋላ ሲመጣ መጀመሪያ በመስታወቱ ይታያል፣ ቀጥሎ ከመስታወቱ ይወጣል፣ ከዚያ በመስኮቱ በኩል ድንገት ብቅ ይላል። በመካከል ያለችው ያቺ የጠፋባት ጊዜ ናት ሰው የምትጥለው። አሠሪዬ መስታወቱን እንዲቀይር ያደረገችውም እሷ ናት።

የገዛው ለዚያው ዓይነት ጂፕ፣ ግን ለአውሮፓ ገበያ የተሠራውን ያበጠ መስታወት ነው። ቅርጹ ትንሽ ቢለይ አይገጥምም፤ ስለዚህ የመኪናው ሞዴልና ዓመት ተጠንቅቆ መታየት አለበት። ሥራው ረጅም አይደለም። የአብዛኛው መኪና መስታወት በፕላስቲክ ጥርስ ነው የተያዘው። መስታወቱ በአንድ በኩል ወደ ውስጥ እስኪገባ ይገፋና በሌላው በኩል በሚከፈተው ክፍተት ጣት ወይም በጨርቅ የተጠቀለለ ካቻቢቴ ገብቶ ቀስ ተብሎ ይሳባል፤ ጥርሶቹ ጠቅ ጠቅ እያሉ ይለቃሉ። በብርድ ፕላስቲኩ ስለሚደርቅ ቶሎ ይሰበራል፣ በፀጉር ማድረቂያ ሞቅ ቢደረግ ይሻላል። ከጀርባው ሁለት ቀጫጭን ሽቦ ካለ መስታወቱን እያሞቀ ጤዛ የሚያጠፋው ነው፤ ተነቅሎ አዲሱ ላይ ይሰካል። አዲሱ በቦታው ተደርጎ መሐሉ ላይ ጨርቅ ጣል ይደረግና በመዳፍ ይጫናል፣ ጠቅ እስኪል። ጠርዙ ከተጫነ ይሰነጠቃል። ከሁሉ በፊት ወፍራም ጓንት! የተሰበረ መስታወት እንድታወጪ ከታዘዝሽ ያለ ጓንት አትንኪ፤ የወጥ ቤቱ ስስ ጓንት ጓንት አይደለም።

ገንዘብ ማውጣት የማይፈልግ ደግሞ የሲኒ አፍ የምታህል ክብ ያበጠች መስታወት ገዝቶ በዝርጉ ላይ በጥግ በኩል ይለጥፋል። በሰርቪስ ስትሄዱ አይታችኋት ይሆናል። ትንሽ ናት እንጂ ሥራዋን ትሠራለች፤ ስታጥቡ ጠርዟን አትፈንቅሉ።

ሰፊው መስታወት ከተገጠመ በኋላ አሠሪዬ ሁለት ሦስት ቀን ተቸገረ። ያበጠው ሁሉን ስለሚያርቅ፣ አጠገቡ የደረሰው መኪና ገና ሩቅ መሰለው። በኋላ ዘዴ አገኘ፦ «አንድ ነገር መኖር አለመኖሩን በስፖኪዮ አያለሁ፣ ምን ያህል እንደራቀ ግን በውስጠኛው መስታወት።» የውስጠኛው ዝርግ ስለሆነ አያሳንስም።

ማዳም ግን አዲሱን መስታወት አይታ «አሁን ሁሉንም አያለሁ» አለች። ይህን ንግግር ያዘጋጀሁት በዚህች ቃል ምክንያት ነው። ሁሉንም አታይም። ስፖኪዮ ሰፊም ሆነ ጠባብ የሚያየው በመኪናው ጎንና ጎን ወደ ኋላ ነው። ከኋላ ፓራውልቱ ሥር ያለውን አያይም። የሁለት ዓመት ልጅ ቁመቱ ከጂፕ የኋላ መስኮት በታች ነው። ከረጢት ልታነሣ ጎንበስ ያለች ሴትም እንደዚያው ናት። ባለፈው ዓመት በጎረቤት ሕንፃ አንዲት እህታችን የወደቀ ብርቱካን ስትለቅም ጂፑ ወደ ኋላ ተነሣ። ናቱሩ እየጮኸ ኮፈኑን በመዳፉ ባይመታ ምን እንደሚሆን እግዚአብሔር ነው የሚያውቅ። ልጅቱ ከኋላዋ ነበረች። በኋላ የተጠየቀችው እሷ ናት፣ «ለምን እዚያ ቆምሽ?» ተብላ።

ስለዚህ ይህን ያዙ። ብርሃን በመጣበት መንገድ ይመለሳል፤ አንቺ በስፖኪዮው ውስጥ የሹፌሩን ፊት ካየሽ እሱም አንቺን ማየት ይችላል። ፊቱን ካላየሽ አያይሽም። ለጂፕም፣ ለጭነት መኪናም፣ አገር ቤት ላለው ሲኖትራክም ይሠራል። ማየት ይችላል ማለት ደግሞ አይቶሻል ማለት አይደለም፤ ስልክ እያየ ይሆናል። ከኋላ ነጭ መብራት ከበራ ማርሹ ወደ ኋላ ገብቷል፤ ብርቱካኑ ይቅር። ልጅ ከያዝሽ በመኪናው ጀርባ አትለፊ፣ በፊት በኩል ዞረሽ የማዳም ዓይን ዓይንሽን እስኪያይ ቁሚ። ልጁ ከእጅሽ ካመለጠ አትፈሪ፣ አትሽኮርመሚ፣ «ማዳም ስቶፕ! ውላድ ወራ!» ብለሽ ጩኺ። ሁለተኛው ቃል «ልጆች ከኋላ ናቸው» ነው፤ አዲስ የመጣችሁ በቃላችሁ ያዙት። በዚህ የምትቆጣ እናት አላየሁም።

ከመኪና ስትወርዱ ደግሞ በእግረኛው መንገድ በኩል፣ በቀኝ ውረዱ። በሩን በቅርቡ እጅ ሳይሆን በሩቁ እጅ ክፈቱት። በቀኝ ተቀምጠሽ በግራ እጅሽ ስትከፍቺ ሰውነትሽ ራሱ ወደ ኋላ ይዞራል፣ ሞተሩን ታዪዋለሽ። ለልጆቹም አስተምሯቸው፤ የእኔዎቹ አሁን ጨዋታ አድርገውታል፣ አባታቸውን ሳይቀር ይቆጣጠሩታል።

ስለ እጥበት ብዙ አልልም። መስታወት በሽቦ ስፖንጅና በዱቄት ሳሙና አይታሽም፣ ይጫጫራል። የውኃ ጠብታ ሳይደርቅ በለስላሳ ጨርቅ ይጠረጋል። በቁልፍ የሚታጠፍ ስፖኪዮ በእጅ በኃይል አይገፋም፤ ውስጡ ያለው ሞተር ይበላሻል፣ ዋጋውም ከእናንተ ይጠየቃል።

ሳልጨርስ አንዲት እህት «ካሜራ ያለውስ?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ካሜራው ስፖኪዮ የማያየውን፣ ከፓራውልቱ ኋላ ያለውን ያሳያል። አሜሪካ ከፈረንጆች ግንቦት 2018 ጀምሮ በሚሠሩ አዳዲስ የቤት መኪናዎች ሁሉ ላይ እንዲኖር አስገድዳለች። ከዚያ በፊት የተሠራው ሊኖረውም ላይኖረውም ይችላል፤ የእኛው ጂፕ የለውም። የእናንተ ካለው፣ ብዙ ጊዜ ከታርጋው በላይ ያለችው የሽንብራ ፍሬ የምታህል ጥቁር መስታወት ናት። ጭቃ ከያዛት ምንም አታሳይም። መኪናውን ባታጥቡም እንኳ ልጆቹን ከማሳፈራችሁ በፊት እሷን በጨርቅ ጫፍ ጠረግ አድርጓት።