የልጅ ልጄ ጎፈር

አምና የዓድዋ በዓል ሊደርስ አራት ቀን ሲቀረው የሰባት ዓመቱ የልጅ ልጄ «እማማ፣ ጓደኞቼ ሁሉ ጎፈር አላቸው» እያለ አስጨነቀኝ። ሽሮ ሜዳ ሄጄ መጀመሪያ ያገኘሁትን ገዛሁለት። የካቲት 23 ዕለት እንደ ፈረሰኛ አርበኛ ሲፎክር ዋለ። በማግስቱ ትምህርት ቤት ይዞት ሄደና ጎፈሩ ከራስ ወደ ራስ ሲዞር ዋለ፤ አድርጎት ፎቶ ያልተነሣ ልጅ የለም።

ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ ከጆሮው በላይ ሳንቲም የምታክል ቦታ ላይ ጸጉሩ ረግፎ፣ ቆዳው ፎረፎር መስሎ አየሁ። ዕድሜዬን በነርስነት የጨረስኩት ሴትዮ «ድርቀት ነው» ብዬ ቅቤ ቀባሁት። ቀጥሎ ደግሞ ከፋርማሲ ቅባት ገዛሁ። ቁስሉ እየሰፋ ሄደ፤ ልጁም በሰው ፊት ኮፍያ አላወልቅም ማለት ጀመረ። ጤና ጣቢያ ስወስደው ቆረቆር ነው ተባለ። ቆረቆር ፈንገስ ነው፤ ጸጉሩ ውስጥ ስለሚገባ የሚቀባ መድኃኒት ብቻውን አያድነውም። ግሪሲዮፉልቪን ታዘዘለት፣ ቅባት ካለው ምግብ ጋር ስድስት ሳምንት ዋጠ፣ ዳነ። ከጎፈሩ ይያዝ ከማበጠሪያ ማወቅ አይቻልም። በኮፍያ እንደሚተላለፍ እያወቅሁ ዝም ማለቴ ግን ይቆጨኛል።

ዘንድሮ ስገዛ አልቸኮልኩም። የጥንቱ ጎፈር ከአንበሳ ጋማ ይሠራ ነበር። የዛሬው ማስመሰያ ከበግና ከፍየል ቆዳ ወይም ከሰው ሠራሽ ጸጉር ነው። የቆዳ ከሆነ አሽትቱት። የሚከረፋ ከሆነ በደንብ አልለፋም ማለት ነው፤ ባልለፋ ቆዳ አባ ሰንጋ እንኳ ሊመጣ ስለሚችል ተዉት። ጸጉሩን በጣት ሳብ አድርጉ፤ በእጃችሁ ከቀረ ልጁ አፍ ውስጥ ይገባል። ውስጡን ገልብጣችሁ ሽቦና የደረቀ ሙጫ ፈልጉ። የጥጥ ገበር ያለው ይሻላል፣ ላብ ይመጥጣል። የልጁን ራስ ከቅንድብ በላይ በክር ለክታችሁ ክሩን ገበያ ይዛችሁ ሂዱ፤ ዓይን ላይ የሚወርድ ጎፈር ልጅ ይጥላል። አገጭ ሥር የሚታሰር ገመድ ካለው ቆርጣችሁ ሲሳብ የሚላቀቅ ነገር ስፉበት። ለፎቶ ብላችሁ ፈረስ ላይ የምታወጡት ከሆነ ደግሞ ጎፈር ጌጥ እንጂ የራስ ቁር አለመሆኑን አትርሱ።

በዓሉ ሲያልፍ አራግፉት፤ ገበሩን በሳሙና ውኃ በራሰ ጨርቅ ጠርጋችሁ ጥላ ላይ አድርቁት። ልብስ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ የከተተች ጎረቤት አለችኝ፤ ያወጣችው ነገር የራሰ ድመት ይመስል ነበር። ጸጉሩን ጥርሱ በራቀ ማበጠሪያ፣ ከጫፉ ጀምራችሁ አበጥሩ፤ ማበጠሪያው ለጎፈሩ ብቻ ይሁን። ውስጡን በጋዜጣ ሞልታችሁ (ይህንንም አንብባችሁ ስትጨርሱ) በጨርቅ ከረጢት አስቀምጡት። ፌስታል ውስጥ ይሻግታል። ብል እንዳይበላው ብላችሁ ናፍታሊን አትጨምሩ፤ ሕፃናት ከረሜላ መስሏቸው ይውጡታል፣ ሽታውም ራስ ላይ ለሚደረግ ነገር አይሆንም። በየጊዜው አውጥቶ ማናፈስ ይበቃል። ቡና ሲፈላ ደግሞ ከከሰሉ አርቁት፤ ሰው ሠራሹ ጸጉር እሳት ሲነካው ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል።

ገበሩ ላይ የልጁን ስም በእስክሪብቶ ጽፌያለሁ። «ጓደኛህ ሲለምንህ ምን ትላለህ?» ስለው «እማማ ነርስ ናት እለዋለሁ» አለኝ። ለታናሽ እህቱም የራሷን ገዛሁላት። አሁን የሚጣሉት የማን ጋማ ይረዝማል በሚል ነው።