ባለቤት የሌላቸውን ድመቶች ስለ መጠበቅና መራባታቸውን ስለ መወሰን

በክረምቱ መግቢያ ላይ አንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ደብዳቤ ጽፈውልን ነበር። የደብዳቤው ፍሬ ነገር እንዲህ ነው። ሦስት ተማሪዎች ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር፣ ዝናብ ባበሰበሰው ካርቶን ውስጥ፣ ገና ዓይናቸውን የገለጡ አራት የድመት ግልገሎች አገኙ። ወደ ክፍል ይዘዋቸው ሊገቡ ሲሉ እናቲቱ ደርሳ የአንዱን ልጅ እጅ ነከሰችው። ዘበኛው በዱላ መትቶ ገደላትና ሬሳዋን ወንዝ ውስጥ ጣለው። ልጁ ለወላጆቹ መንገር ፈርቶ ቁስሉን ደበቀ። በሦስተኛው ቀን እጁ አብጦ ወደ ጤና ጣቢያ ሲወሰድ ሐኪሙ ከሁሉ አስቀድመው የጠየቁት «ድመቷ የት አለች?» ብለው ነበር። ድመቷ ግን የለችም። ታማ እንደ ነበረ ወይም ጤነኛ እንደ ነበረች የሚያስረዳ ምልክት ስላልተገኘ፣ ልጁ የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ መርፌ ሳያጓድል እንዲወጋ ሆነ። ዛሬ ደኅና ነው።

መምህሩ ደብዳቤአቸውን የፈጸሙት በዚህ ቃል ነው፤ «ልጆቹ ያደረጉት ከርኅራኄ የተነሣ ነው፤ ዘበኛው ያደረገውም ከፍርሃት የተነሣ ነው። ታዲያ እኔ ምን ብዬ ላስተምር?»

ይህ ጥያቄ የብዙ መምህራንና የብዙ የከተማ ነዋሪዎች ጥያቄ መሆኑን ስለምናውቅ፣ በዚህ ወር ጽሑፋችን በተቻለን መጠን መልስ ልንሰጥበት አስበናል። (የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ድመት ወደ ሰው የመጣችበት ምክንያት

ድመት ከሰው ጋር መኖር የጀመረችው ሰው እህሉን በጎተራ ማከማቸት ከጀመረ ወዲህ ነው። የዛሬዋ የቤት ድመት በሰሜን አፍሪካና በመካከለኛው ምሥራቅ ከሚኖረው የዱር ድመት የተገኘች መሆኗን ሊቃውንት በ2007 በታተመ የዘር ምርመራ አስረድተዋል። እህል አይጥን ሳበ፤ አይጥ ደግሞ ድመትን ሳበ። ስለዚህ ድመት የሰውን ቤት የተጠጋችው ተገድዳ ሳይሆን ምግቧን ተከትላ ነው።

ዛሬ በከተማችን ድመትን የሚስበው ጎተራ ብቻ አይደለም። ከልኳንዳ ቤት የሚጣለው ቁርጥራጭ ሥጋ፣ ከምግብ ቤት ጓሮ የሚደፋው ትራፊ፣ ክዳን የሌለው የቆሻሻ ገንዳ ሁሉ ይስባታል። በሁዳዴ ጾም ልኳንዳ ቤቶች ሲዘጉና ትራፊው ሲነጥፍ፣ በዚያ የኖሩት ድመቶች በረኃብ ተገፍተው ወደየማጀቱ ይገባሉ። «ድመት መንኩሳ ዐመሏን አትረሳ» ይባላል። እውነት ነው፤ ድመት ያለ ሥጋ መኖር የማትችል ፍጥረት ናትና ጠባይዋን በዱላ ልንለውጠው አንችልም። ልንለውጠው የምንችለው የራሳችንን ሥራ ነው።

ባለቤት የሌላቸው ድመቶች ሁለት ዓይነት መሆናቸውንም ማወቅ ይገባል። አንደኛዋ በቤት አድጋ የጠፋች ወይም የተጣለች ናት፤ ይህች ሰው ስትለምድ ትችላለችና ባለቤት ቢፈለግላት ይገኝላት ይሆናል። ሁለተኛዋ በሜዳ ተወልዳ የሰው እጅ ሳይነካት ያደገች ናት። የድመት ግልገል ሰውን የሚለምደው በተለይ ከሁለተኛው እስከ ሰባተኛው ሳምንት ባለው ዕድሜው ነው። ይህ ጊዜ ካለፈ በኋላ የሜዳይቱን ድመት በግድ ቤት መዝጋት ለእርሷ ሥቃይ፣ ለቤተ ሰቡም አደጋ ነው።

ስለ መራባታቸው

ድመት ከ4 ወር ዕድሜዋ ጀምራ ልታረግዝ ትችላለች። የእርግዝናዋ ጊዜ ሁለት ወር ያህል ነው፤ ግልገሎቿን እያጠባችም ሳለ እንደ ገና ታረግዛለች።

መምህራን የሚከተለውን ሒሳብ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ቢጽፉት ለተማሪዎች ትልቅ ትምህርት ይሆናል። አንዲት ድመት በየ6 ወሩ 4 ግልገሎች፣ ሁለት ሴትና ሁለት ወንድ፣ ትወልዳለች እንበል፤ ሴቶቹም ልጆቿ በ6 ወራቸው እንደ እናታቸው መውለድ ይጀምሩ፤ አንድም አይሙት። ከመጀመሪያው ወሊድ በኋላ 5፣ ከሁለተኛው በኋላ 17፣ ከሦስተኛው በኋላ 53፣ ከአራተኛው በኋላ 161 ይሆናሉ።

ነገር ግን የሰፈራችን ድመቶች እንዲህ ሲበዙ አናይም። ለምን ይሆን? መልሱ የሚያሳዝን ነው። በአሜሪካ በሰሜን ካሮላይና ክፍለ ግዛት ስለ ሜዳ ድመቶች ተጠንቶ በ2004 በታተመው ምርመራ፣ አንዲት ድመት በዓመት በአማካይ 1.4 ጊዜ ብቻ ስትወልድ ተገኝታለች። ሊቃውንቱ ከተከታተሏቸው 169 ግልገሎች ውስጥም 127ቱ ስድስት ወር ሳይሞላቸው ሞተዋል ወይም ጠፍተዋል። ይህም ከአራቱ ሦስቱ ማለት ነው። እንግዲህ ቁጥራቸውን ወስኖ የያዘው ሞት ነው፤ መኪና፣ ውሻ፣ ብርድ፣ ረኃብና በሽታ ነው። ልጆቻችን በየቦዩና በየካርቶኑ የሚያገኟቸው እነዚህን ነው። ስለዚህ በፊታችን ያለው ምርጫ ድመቶች ይብዙ ወይስ ይነሱ የሚል አይደለም፤ ቁጥራቸውን የሚወስነው ሞት ይሁን ወይስ ጥበብ የሚል ነው።

መግደል ለምን አይበጅም

አንዳንድ ሰዎች መርዝ በሥጋ ለውሶ መጣል ነገሩን የሚያቃልል ይመስላቸዋል። በመጀመሪያ፣ መርዝ የሚበላውን አይመርጥም፤ የጎረቤትን ውሻና ዶሮ፣ ከሁሉም በላይ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ የሚያደርገውን ሕፃን ያሰጋል። ሁለተኛ፣ ምግቡና መጠለያው እዚያው ሳለ ድመቶቹ ቢጠፉ ከሌላ ሰፈር ሌሎች ይመጣሉ፤ የተረፉትም ምግብ ስለሚሰፋላቸው ግልገሎቻቸው በብዛት ይድናሉ።

የማሪዮን ደሴት ታሪክ ምሳሌ ይሁነን። ከደቡብ አፍሪካ በስተደቡብ ምሥራቅ በምትገኘው በዚህች ደሴት ወደሚገኘው የአየር ጠባይ መመልከቻ ጣቢያ፣ አይጥ እንዲይዙ ተብለው በ1949 አምስት ድመቶች ተወሰዱ። በ1977 ቁጥራቸው ወደ 3,400 ደርሶ የባሕር ወፎችን ይፈጁ ነበር። በበሽታ፣ በሌሊት ጠመንጃ፣ በወጥመድና በመርዝ ተዋግተው ድመቶቹን ፈጽመው ያጠፏቸው በ1991 ነው። በባሕር በተከበበችና ሌላ ድመት ሊገባባት በማይችል ደሴት ሥራው ይህን ያህል ዘመን ከወሰደ፣ በአራቱም ማዕዘን ክፍት በሆነ ከተማ እንዴት ይፈጸማል?

የሚበጀው መንገድ

የሚበጀው መንገድ ድመቶቹን ይዞ ማምከንና መከተብ፣ ከዚያም ወደ ነበሩበት መመለስ ነው። የኢጣልያ መንግሥት በነሐሴ 14 ቀን 1991 ባወጣው በቁጥር 281 ሕግ፣ በነጻነት የሚኖሩ ድመቶችን ማሠቃየት ከልክሎ፣ የየአካባቢው የጤና ባለሥልጣን እንዲያመክናቸውና ወደ መንጋቸው እንዲመልሳቸው አዝዟል። ሕጉ ይህን ሥራ ከጤና ጥበቃ ሥራዎች መካከል መቁጠሩ ልብ ሊባል የሚገባው ነው።

የአሠራሩ ቅደም ተከተል የሚከተለው ነው። አስቀድሞ በሰፈሩ ስንት ድመት እንዳለ ይቆጠራል። ቀጥሎ አንድ ሰው በአንድ ቦታ፣ በአንድ የተወሰነ ሰዓት ጥቂት ምግብ ያቀርባል፤ ድመቶቹ ሰዓቱን በጥቂት ቀን ይለምዳሉ። ትራፊው ግን ከተበላ በኋላ መነሣት አለበት፤ የሚያድር ምግብ አይጥ ይጠራልና። እንጀራ ብቻ ለድመት አይበቃትም፤ የላም ወተትም ብዙዎቹን ያስቀምጣቸዋል። ቁርጥራጭ ሥጋና ንጹሕ ውሃ ይሻላል። ለሰው የሚታዘዘው ፓራሲታሞል የተባለው ክኒን ድመትን የሚገድል ስለ ሆነ ከቶ አይሰጣትም።

በቀጠሮው ዋዜማ ምግብ ይቋረጣል። በማግሥቱም በሩ በራሱ የሚዘጋ የሽቦ ሣጥን ምግብ ተደርጎበት ይቀመጣል፤ ድመቷ ስትገባ ሣጥኑ በጨርቅ ቢሸፈን ትረጋጋለች። በባዶ እጅ ለመያዝ መሞከር ፈጽሞ የተከለከለ ነው። የእንስሳት ሐኪሙ በማደንዘዣ ካስተኛት በኋላ ያመክናታል፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትም ይሰጣታል። በብዙ አገሮች የመከነች ድመት ከሩቅ እንድትታወቅ፣ እንደ ተኛች የአንድ ጆሮዋ ጫፍ በጥቂቱ ይቆረጣል። ካገገመች በኋላም ወደ ቦታዋ ትመለሳለች።

ወጪው ለአንድ ቤት ይከብድ ይሆናል፤ ነገር ግን በእድርና በእቁብ ሸክሙን መካፈል የለመደ ሕዝብ ይህንንም በጋራ ሊያደርገው ይችላል። ገንዘቡ ለሁሉ ካልበቃ ሴቶቹ ይቅደሙ። ደግሞም በአሥር ሰፈር አንድ አንድ ድመት ከማምከን ይልቅ፣ በአንድ ሰፈር ካሉት አሥር ድመቶች ሰባቱን ወይም ከዚያ በላይ ማምከን ይሻላል። በቤት የምትኖረዋን ድመት ያላመከነ ሰው ግልገሎቿን በሜዳ ቢጥል የጎረቤቱን ድካም ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል። የቆሻሻ ገንዳ ካልተከደነም ሥራው ግማሽ ነው።

ስለ ጤና መጠንቀቅ

የእብድ ውሻ በሽታ ወደ ሰው የሚመጣው ከሁሉ ይልቅ በውሻ ነው፤ ድመትም ግን ልታስተላልፈው ትችላለች። የበሽታው ምልክት ከታየ በኋላ የሚድን ሰው የለም ለማለት ይቻላል፤ ምልክቱ ሳይታይ የሚሰጠው መርፌ ግን ያድናል። ስለዚህ የተነከሰ ወይም የተቧጨረ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ያህል ይጠብ፤ ቡና ወይም አመድ አይነስንስበት፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ድመቷ አትገደል፤ ያለ አደጋ የሚቻል ከሆነ ተዘግታ 10 ቀን ትጠበቅ። በዚህ ጊዜ ውስጥ በጤና ከቆየች፣ ስትነክስ በሽታውን አላስተላለፈችም ማለት ነው። ሆኖም ሕክምናው ይህን ሳይጠብቅ ይጀመራል። የድመት ጥርስ ቀጭንና ረጅም ስለ ሆነ ቁስሉ ትንሽ መስሎ ከውስጥ ይመግላልና ማንም አይናቀው።

ቶክሶፕላዝማ የተባለው ተውሳክ ነፍሰ ጡርን ሴት ስለሚያሰጋ፣ ድመት ከቤት ትባረር የሚሉ አሉ። ተውሳኩ በድመት ዓይነ ምድር ይወጣል፤ ነገር ግን ሰውን ለመያዝ የሚበቃው ከወጣ ከ1 እስከ 5 ቀን ከቆየ በኋላ ነው። በየቀኑ የሚጸዳ ቦታ እንግዲህ ብዙም አያሰጋም፤ ጽዳቱንም ከነፍሰ ጡሯ በቀር ሌላ ሰው ይሥራው። ይኸው ተውሳክ በጥሬ ሥጋና ባልታጠበ አትክልትም ስለሚገኝ፣ ድመቷን አባርራ ጥሬ ክትፎ የምትበላ ነፍሰ ጡር ራሷን ጠበቀች አይባልም።

ለመምህሩ የምንመልሰው እንግዲህ ይህን ነው። ለልጆቹ፣ ርኅራኄያቸው መልካም እንደ ሆነ፣ ግን ግልገል ሲያገኙ ሳይነኩ አዋቂ መጥራት እንዳለባቸው ያስተምሩ፤ እናቲቱ አጠገቡ ትኖራለችና። የተነከሰ ልጅ እንደማይቈጡት አስቀድመው ይንገሩት፤ ቁስሉን የሚያስደብቀው ፍርሃት ከድመቷ ጥርስ ይልቅ የሚያስፈራ ነው። ለዘበኛውም ዱላውን ትቶ የሽቦ ሣጥኑን እንዲጠብቅ ይንገሩት።

ከአራቱ ግልገሎች ሁለቱ እናታቸው በሞተች ሳምንት ሞተዋል። ሁለቱን መምህሩ በጠብታ ወተት እያጠቡ አሳድገዋቸው፣ ዛሬ በትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት አይጥ ይጠብቃሉ። አንደኛዋ ሴት ናት። አራተኛ ወሯን ሳትደፍን ወደ እንስሳት ሐኪም እንድትወሰድ መምህሩን አደራ ብለናል።