ቀጠሮ ለፕሮሰስ፦ በጊዜ የሚላክ ሲግናል

ነገሬን በምሳሌ ልጀምር። ወደ ሞጣ ለመሄድ ቢቸና ያደረ እንግዳ ለዘበኛው «በ11 ሰዓት ቀስቅሰኝ» ብሎ ይተኛል። እንግዳው ፕሮሰስ፣ ዘበኛው ከርነል፣ በሩን ማንኳኳቱ ሲግናል ነው። ዛሬ የምመለከተው ይህ ቀጠሮ እንዴት እንደሚያዝና የት ላይ እንደሚፈርስ ነው።

ቀላሉ መንገድ «አላርም» የተባለው የሥርዓት ጥሪ ነው፤ በ1979 እ.ኤ.አ. በወጣው ሰባተኛው የዩኒክስ እትም ውስጥም ይገኛል። ፕሮሰሱ የሰከንዶችን ቁጥር ይሰጣል፤ ጊዜው ሲሞላ ከርነሉ «ሲግአላርም» የተሰኘውን ሲግናል ይልክለታል። ለአንድ ፕሮሰስ ያለው ቀጠሮ አንድ ብቻ ስለሆነ አዲሱ የቀድሞውን ይሽረዋል፤ ዜሮ ከተሰጠም ቀጠሮው ይሰረዛል። ተቀባይ ተግባር አስቀድሞ ካልተዘጋጀ ደግሞ ሲግናሉ ፕሮሰሱን ይገድለዋል።

ይህ ለምን ይጠቅማል? በሞጣ አካባቢ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ የክትባት ማቀዝቀዣን ሙቀት በየ10 ደቂቃው የሚመዘግብ ፕሮግራም አለ እንበል። አብዛኞቹ ክትባቶች ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ መቆየት አለባቸው። መለኪያው ዝም ካለ ፕሮግራሙ መልስ ሲጠብቅ ይኖራል፤ ማቀዝቀዣው ቢሞቅም የሚያውቅ የለም። ከንባቡ በፊት የ5 ሰከንድ አላርም ብናስቀምጥ ግን ሲግናሉ ጥበቃውን ያቋርጠዋል።

እዚህ ላይ ሦስት ወጥመዶች አሉ። የመጀመሪያው፣ በሊኑክስ ተቀባዩን «ሲግናል» በተባለው ተግባር ካስመዘገብነው የተቋረጠው ንባብ ራሱ እንደገና ይጀምርና አላርሙ ከንቱ ይሆናል፤ ስለዚህ «ሲግአክሽን»ን ዳግም የማስጀመሪያውን አማራጭ ሳንጨምር እንጠቀም። ሁለተኛው፣ በተቀባዩ ውስጥ «ፕሪንትኤፍ»ን መጥራት አደገኛ ነው፤ ሲግናሉ ያቋረጠው ያንኑ ተግባር በመሥራት ላይ እያለ ሊሆን ይችላልና። ተቀባዩ አንድ ጠቋሚ ተለዋዋጭ ብቻ ይለውጥ፤ ቀሪውን ዋናው ፕሮግራም ይሥራ። ሦስተኛው ይበልጥ ስውር ነው፤ ሲግናሉ ንባቡ ከመጀመሩ በፊት ሊደርስ ይችላል። ዘበኛው እንግዳው ገና ሳይተኛ አንኳኩቶ እንደሄደ ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲያ የሚቀሰቅሰው የለም። መፍትሔው ሲግናሉን አግዶ ቆይቶ፣ እገዳውን ማንሳትንና መጠበቅን በአንድ የማይከፈል እርምጃ በሚፈጽመው «ፒፖል» መጠበቅ ነው።

በመጨረሻ የሰዓትን ጉዳይ ላንሣ። የእንግዳው የሌሊቱ 11 ሰዓት በኮምፒዩተሩ 05፡00 ነው፤ ይህን የ6 ሰዓት ልዩነት የዘነጋ ፕሮግራም ሰዎቹ ያላሰቡትን ቀጠሮ ይይዛል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ደግሞ የመሣሪያው ሰዓት ተሳስቶ ሊነሣ፣ ኋላም በኔትወርክ ሊታረም ይችላል፤ ያን ጊዜ ሰዓቱ ወደፊት ወይም ወደኋላ ይዘላል። በ1993 እ.ኤ.አ. በፖዚክስ ደረጃ የገባው «ታይመር ክሪኤት» የምንቆጥርበትን ሰዓት እንድንመርጥ ያስችለናል። «በ11 ሰዓት» ለሚል ቀጠሮ የግድግዳውን ሰዓት፣ «በየ10 ደቂቃው» ለሚል ግን ወደኋላ የማይመለሰውን ሞኖቶኒክ ሰዓት እንምረጥ።

እንግዲህ ፕሮግራም ስትጽፉ አስቀድማችሁ «የያዝሁት ቀጠሮ ነው ወይስ የጊዜ ርዝመት?» ብላችሁ ጠይቁ። ሁለቱን የለየ ሰው ከስሕተቱ ግማሹን አስቀርቷል።