ድረ ገጹን እኛ እንሠራዋለን፤ ትምህርቱን ማን ይጽፈዋል?

ከቮርቢ ጎርድ፣ ስቶክሆልም

በውጭ አገር ያለን የኮምፒውተር ሰዎች ሰብሰብ ስንል የማይቀር አንድ ሐሳብ አለ፤ «ለአገር ቤት ተማሪዎች የማጠናከሪያ ትምህርት የሚሰጥ ድረ ገጽ ለምን አንከፍትም?» የሚል። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ምክንያትም አይታጣለትም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተናን ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ሆኑ። ይህን ሰምቶ «እኔን አይመለከተኝም» የሚል ሰው ብዙ አይመስለኝም።

ክርክሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እኔ የምኖረው ቮርቢ ጎርድ ነው፤ ከስቶክሆልም መሀል ወደ ደቡብ ምዕራብ በቀዩ የምድር ባቡር መስመር የሚደረስበት፣ በሁዲንገ አስተዳደር ሥር ያለ ሰፈር። እዚህ አካባቢ የምንኖር አምስት ጓደኛሞች የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ሒሳብን በአማርኛ የሚያብራራ ድረ ገጽ ለመክፈት ተስማማን። ትምህርቱን የሚያዘጋጁልን ደብረ ማርቆስ የሚኖሩ አንድ አንጋፋ መምህር ናቸው። ለመስማማት አንድ ምሽት በቃን። በየትኛው ሲኤምኤስ ይሠራ በሚለው ለመከራከር ግን ሁለት ወር ፈጀብን።

ሲኤምኤስ ማለት ባጭሩ ኮድ መጻፍ የማይችል ሰው ጽሑፍና ሥዕል ድረ ገጽ ላይ እንዲያወጣ፣ እንዲያርምና እንዲያደራጅ የሚያስችል ሶፍትዌር ነው። አንዱ ጓደኛችን ሁጎ ይሁን አለ፤ ገጾቹን አስቀድሞ አዘጋጅቶ ስለሚያስቀምጥ ፈጣን ነው፣ ዳታቤዝ የለውም፣ ሰርጎ ገብም ብዙ የሚነካው ነገር አያገኝም። ሌላው ሙድልን ደገፈ፤ ከመጀመሪያውም ለትምህርት የተሠራ ነው፣ ፈተናና የውጤት መዝገብ አለው። ሦስተኛው ድሩፓልን መረጠ። እኔ እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረውንና ዛሬ በዓለም ካሉ ድረ ገጾች ከ40 በመቶ በላይ የሚጠቀሙበትን ዎርድፕሬስን አቀረብኩ። ሁላችንም በቂ ምክንያት ነበረን። ግን ልብ ብላችሁ ስሙን፤ አንዳችንም ስለ መምህሩ አላነሳንም!

የእኔ ዕድሜ እኩያ የሆነ አንባቢ ፕላዝማን መቼም አይረሳም። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተዘጋጁ ትምህርቶች በእንግሊዝኛ፣ በሳተላይት እየተላለፉ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ይቀርቡ ነበር። ስክሪኑ ላይ ያለው አስተማሪ ይጠይቃል፣ ጥቂት ሰከንድ ይጠብቃል፣ መልሱን ራሱ ይናገርና ይቀጥላል። የገባህ ገባህ፤ ያልገባህ ቀረህ። ክፍል ውስጥ የቆመው መምህር ስርጭቱን ማቆምም ወደኋላ መመለስም አይችልም ነበር። መሣሪያው ለጊዜው ዘመናዊ ነበር፤ ተማሪውን በስሙ የሚያውቀው ሰው ግን ተመልካች ሆኖ ቀረ። እኛም በኮድ ሌላ ፕላዝማ እንዳንሠራ ብዬ ሰጋሁ።

ስለዚህ ክርክሩን አቁመን ለጋሼ (እንደዚያ ነው የምንጠራቸው) ሙከራ ሰጠናቸው። አንዷን የሎጋሪዝም ትምህርት በሁለት መንገድ እንዲያስገቡ ነው፤ በሁጎና በዎርድፕሬስ። የሁጎው መንገድ ጽሑፉን በማርክዳውን ጽፎ በጊት መላክን ይጠይቃል። መመሪያውን ካነበቡ በኋላ በቴሌግራም «ልጆቼ፣ እኔ በዎርድ ጽፌ ልላክላችሁና እናንተ ብታስገቡት አይሻልም?» አሉን። በትህትና ነው እንጂ «ይህ የእኔ አይደለም» ማለታቸው ነበር። በዎርድፕሬሱ ግን ከስልካቸው ላይ አስገቡት። የዚያኑ ዕለት ማታ አንድ የመደመር ምልክት መቀነስ መሆን እንደነበረበት አይተው ማንንም ሳይጠይቁ አረሙት። ለእኔ ክርክሩ ያኔ አለቀ። ስህተቱን ያየው ሰው ራሱ ማረም ካልቻለ፣ ትምህርቱ የእሱ አይደለም።

ሁለተኛው ሰው ተማሪው ነው። እዚህ ስዊድን ሆነን ገጹ በፍጥነት ተከፈተ ስንል ስለ እኛ መስመር ነው የምናወራው። ዩኒኮድ ውስጥ አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሲቀመጥ 3 ባይት ይወስዳል፤ 10,000 ፊደል ያለው ትምህርት ማለት 30 ኪሎባይት ገደማ ነው። በስልክ የተነሳ ያልተቀነሰ አንድ ፎቶ 3 ሜጋባይት ቢሆን የመቶ ትምህርት ያህል ይመዝናል። ቪዲዮማ አታንሱት። ስለዚህ ቀላል ገጽታ መረጥን፤ ገጹም ፊደሉን ስልኩ ላይ ካለው ይወስዳል እንጂ ሌላ ፎንት አያስወርድም። ተማሪው ለማንበብ መመዝገብ የለበትም። ይህም ለእሱ ይቀለዋል፤ እኛም የልጆችን የግል መረጃ ከመጠበቅ ኃላፊነት እናርፋለን። እዚህ አውሮፓ ከ2018 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የመረጃ ጥበቃ ሕግ ቀልድ አያውቅም።

ኢንተርኔት ከነጭራሹ ሲጠፋስ? በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የተቋረጠው የሞባይል ኢንተርኔት ለመመለስ አንድ ዓመት ገደማ ፈጅቷል። ያንን የሚያስታውስ ሰው በኢንተርኔት ብቻ የሚነበብ ትምህርት አይሠራም። እያንዳንዱ ምዕራፍ በፒዲኤፍ ይወጣል፤ በፍላሽ፣ በቴሌግራም፣ በፎቶ ኮፒም ይዙር። ኮምፒውተር ያለው ትምህርት ቤት ከተገኘ ደግሞ ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ የተዘጋጀው ኮሊብሪ አለ።

ዎርድፕሬስን የምትመርጡ አማርኛ ላይ የሚገጥማችሁን ሁለት ነገር ልንገራችሁ። አንደኛ፣ አርዕስቱን በአማርኛ ስትጽፉ የገጹን አድራሻ ከአርዕስቱ ይወስዳል። አድራሻ ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ ፊደል ወደ 9 ምልክት ይቀየራል፤ የተፈቀደው ቦታ ደግሞ 200 ነው። ከ22 ፊደል በኋላ ያለው ይቆረጣል ማለት ነው፤ ቴሌግራም ላይ ሲለጠፍም ሊንኩ ዓይን የሚያደክም የመቶኛ ምልክት ክምር ይሆናል። አድራሻውን በላቲን ፊደልና በቁጥር አሳጥራችሁ በእጅ ስጡት። ሁለተኛ፣ ፍለጋው ሞክሼ ፊደላትን አያውቅም። «ሒሳብ» ብሎ የተጻፈውን «ሂሳብ» ብሎ የፈለገ ተማሪ ባዶ እጁን ይመለሳል። ሀን፣ ሐንና ኀን፣ ሰንና ሠን፣ አንና ዐን፣ ጸንና ፀን አንድ አድርጎ የሚፈልግ ትንሽ ኮድ መጻፍ ያስፈልጋል። የእኛ የፕሮግራመሮቹ እውቀት የሚጠቅመው እንዲህ ዓይነቱ ቦታ ላይ ነው።

ሙድል መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ተማሪዎችን መዝግቦ፣ ፈተና ሰጥቶ፣ ውጤት ይዞ መከታተል ለሚፈልግ ትምህርት ቤት እሱ ይሻላል፤ የስልክ አፑም ትምህርቱን አውርዶ ያለ መስመር ማንበብ ያስችላል። ብቻ በየዕለቱ የሚያስተዳድረው ሰው ይፈልጋል። ሁጎም ጽሑፉን የሚያስገቡት ፕሮግራመሮች ከሆኑ ጌታ ነው። ዎርድፕሬስም የራሱ ጣጣ አለው፤ ፕለጊን በበዛ ቁጥር ለሰርጎ ገብ በር ይበዛል፣ ማደሻው ሲዘለል ይታመማል። እኛ ፕለጊኖቹን ጥቂት አድርገን ማደሱን ለአንድ ሰው በስሙ ሰጠን።

ብዙ ሰው የሚረሳው ሦስተኛ ጥያቄ፣ እኛ ስንሰለችስ የሚለው ነው። መሰልቸታችን አይቀርማ! ልጅ ይወለዳል፣ ሥራ ይቀየራል፣ ሰው ወደ ሌላ አገር ይሄዳል። በጎ ፈቃደኞች የሚከፍቷቸው ብዙ ድረ ገጾች የሚሞቱት ዶሜይኑና ሆስቲንጉ በአንድ ሰው ስምና በአንድ ሰው ካርድ ስለሚከፈል ነው። አገር ቤት ያለ መምህር በውጭ ምንዛሪ ልክፈል ቢል ሊከብደው ይችላል። በስዊድን ማኅበር ማቋቋም ከባድ አይደለም፤ መተዳደሪያ ደንብና ቦርድ ካለ ከግብር መሥሪያ ቤቱ ከስካተቬርኬት የድርጅት ቁጥር ይገኛል። ዶሜይኑ በማኅበሩ ስም ይሁን። በየወሩ ይዘቱን አውጥታችሁ ቅጂ አስቀምጡ፤ ዎርድፕሬስ የሚያወጣው ፋይል ጽሑፉን እንጂ ሥዕሎቹን ስለማይዝ የሥዕሎቹን ማኅደር ለብቻው ቅዱ። አንዱ ቅጂ እዚህ፣ አንዱ ደብረ ማርቆስ ይቀመጥ። ዎርድፕሬስን የምደግፍበት ትልቁ ምክንያቴም ይኸው ነው፤ ነገ እኛ ባንኖር የሚረከበው ወጣት ባሕር ዳርም አዲስ አበባም አይጠፋም።

ይህን ሥራ ለመጀመር ያሰባችሁ ተማሪዎችና ባለሙያዎች፣ ከምትወዱት መሣሪያ በፊት አንድ መምህር ፈልጉ። አንድ ትምህርት ከስልካቸው ላይ ያስገቡ፣ በማግስቱም ራሳቸው ይረሙት። ያ በተቻለበት ሥርዓት ጀምሩ። የቀረውን ኮድ ቀስ ብላችሁ ትጽፉታላችሁ።

ቸር ይግጠመን።