ለሁለት ቀን ዕረፍት የሚሆነውን የአውሮፓ ከተማ ስለ መምረጥ



ለመንግሥት ሥራ ወደ አውሮፓ የተላከ ሰው ስብሰባው ዓርብ ማታ ተፈጽሞ፥ ወደ አገሩ የሚመለስበት አይሮፕላን ሰኞ የሚነሣ እንደ ሆነ፥ በመካከሉ የሚያገኘው ዕረፍት ሁለት ቀን ነው። እነዚህን ሁለት ቀኖች አንዳንዱ በሆቴል ክፍሉ ተኝቶ ያሳልፋቸዋል፤ ሌላው ደግሞ ስሙን ከልጅነቱ ጀምሮ ሲሰማው ወደ ኖረው ታላቅ ከተማ ገሥግሦ፥ ጊዜውንና ከውሎ አበሉ የቆጠባትን ገንዘብ በመንገድ ላይ ጨርሶ፥ ከድካም በቀር ምንም ሳያተርፍ ይመለሳል። አውሮፓውያን ግን ቅዳሜንና እሑድን በሌላ ከተማ ማሳለፍን ልማድ ስላደረጉት፥ የአመራረጡን ዘዴ ደኅና አድርገው ያውቁታል። የዛሬው ንግግራችንም ስለዚሁ አመራረጥ ነው። ዋናው ሐሳብ ባጭሩ ሲነገር፥ ለሁለት ቀን የሚሆን ከተማ መመረጥ ያለበት በዝናው ሳይሆን፥ ከመንገዱ በሚተርፈው ሰዓት ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ መመርመር የሚገባው ፓስፖርት ነው። በሸንገን ውል የተባበሩት አገሮች ዛሬ 29 ናቸው፤ ለአጭር ጊዜ የሚሰጠውም ቪዛ በ180 ቀን ውስጥ ከ90 ቀን ለማይበልጥ ቆይታ ነው። ቪዛው ለሁሉም የውሉ አገሮች የሚያገለግል ከሆነ፥ በብሩሰል የሰነበተ ሰው ወደ ፓሪስም ሆነ ወደ ኮሎኝ ያለ ሌላ ፈቃድ ሊሄድ ይችላል። እንግሊዝና አየርላንድ ግን ከውሉ ውጭ ስለ ሆኑ፥ ሎንዶን ከብሩሰል በባቡር የሁለት ሰዓት ያህል መንገድ ብትሆንም የእንግሊዝን ቪዛ ትጠይቃለች። ከዚህም የሚብስ ነገር አለ። ይኸውም የሸንገኑ ቪዛ ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ የተሰጠ እንደ ሆነ፥ ከውሉ አገሮች አንድ ጊዜ የወጣ ሰው የተፈቀደለት ቀን ገና ባያልቅም እንኳ በዚያው ቪዛ ተመልሶ መግባት አይችልም። ሻንጣው በብሩሰል ሆቴል፥ ባለቤቱ ግን ከባሕር ማዶ እንዳይቀር፥ በቪዛው ላይ የተጻፈውን የመግቢያ ቍጥር ቲኬት ከመግዛት በፊት ማንበብ ያስፈልጋል። በውሉ አገሮች መካከልም አልፎ አልፎ በድንበር ላይ ፍተሻ ስለሚደረግ፥ ፓስፖርትን በሆቴል ትቶ መሄድ አይገባም።

ሁለተኛው ነገር ሰዓትን እንደ ገንዘብ መቍጠር ነው። ከዓርብ ማታ 12 ሰዓት እስከ እሑድ ማታ 12 ሰዓት ያለው 48 ሰዓት ነው። ለሁለት ሌሊት እንቅልፍ 16፥ ለምግብና ለመሰናዶ 8 ሰዓት ሲቀነስ የሚተርፈው 24 ሰዓት ብቻ ነው። እንግዲህ በአይሮፕላን ለመሄድ ያሰበ ሰው ወደ ማረፊያው ለመድረስ 1 ሰዓት፥ ለምዝገባና ለፍተሻ 2 ሰዓት፥ ለበረራው 1 ሰዓት ተኩል፥ ከማረፊያው ወደ ከተማው ለመግባት 1 ሰዓት ተኩል ቢፈጅበት፥ ለመሄጃው 6 ለመመለሻው 6 ሰዓት ይሆናል። ይህም ማለት ከተረፈው ጊዜ እኩሌታው በመንገድ አለቀ ማለት ነው።

በቲኬት ላይ የተጻፈው የከተማ ስምም ሁልጊዜ አይታመንም። «ፍራንክፈርት ሐን» የተባለው የአይሮፕላን ማረፊያ ከፍራንክፈርት ከተማ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ በፓሪስ ስም የሚጠራው የቦቬ ማረፊያም ከፓሪስ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በርካሽ የተገዛው ቲኬት በአውቶቡስ ኪራይና በጠፋው ሰዓት ሲታሰብ ውድ ሆኖ ይገኛል። በአንጻሩ ግን በኮፐንሃገን ከማረፊያው ተነሥቶ የከተማው ባቡር በሩብ ሰዓት ገደማ መካከለኛው ከተማ ያደርሳል። ስለዚህ የሚጠየቀው «በረራው ስንት ሰዓት ነው?» ተብሎ ሳይሆን፥ «ከደጃፍ እስከ ደጃፍ ስንት ሰዓት ነው?» ተብሎ ነው።

በዚህ ስሌት ብዙውን ጊዜ ባቡር ይበልጣል፤ ትናንሾቹም ከተሞች ከታላላቆቹ የተሻሉ ሆነው ይገኛሉ። ለምሳሌ በብሩሰል የተሰበሰበ ሰው በባቡር ግማሽ ሰዓት ያህል ተጕዞ ጌንት ይደርሳል። በዚያም በቅዱስ ባቮ ካቴድራል፥ ሁበርትና ያን ቫን አይክ የተባሉት ወንድማማቾች የሠሩትና እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1432 የተፈጸመው ታላቅ የመሠዊያ ሥዕል ይገኛል። ከሠሌዳዎቹ አንዱ በ1934 ተሰርቆ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ከካቴድራሉ እስከ ጥንታዊው የመሳፍንት ግንብ ያለው መንገድ በእግር ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው።

በጄኔቭ የተሰበሰበ ደግሞ ከሁለት ሰዓት ባነሰ ጊዜ በባቡር ወደ በርን መድረስ ይችላል። አሮጌው የበርን ከተማ በሦስት ወገን በአሬ ወንዝ የተከበበ ሲሆን፥ ከቤቶቹ ሥር በቅስት የተሠራው መተላለፊያ 6 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚረዝም፥ ዝናብ የእንግዳውን ቀን አያበላሽበትም። አልበርት አይንሽታይን ከ1902 ጀምሮ በዚሁ ከተማ በፈጠራ መብት መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ ይሠራ ነበር፤ የዓለምን የፊዚክስ ትምህርት የለወጡትን ጽሑፎች በ1905 ያወጣውም የመንግሥት ሠራተኛ ሳለ ነው። በዚያን ጊዜ የኖረበት ቤት ዛሬ ለጎብኚዎች ክፍት ነው።

ይህን ስንል ታላላቆቹ ከተሞች ይቅሩ ማለታችን አይደለም። ወደ ሮማ የሚሄድ ሰው ሮማን በሙሉ ለማየት ቢነሣ ምንም ሳያይ ይመለሳል፤ አንድ ሰፈር መርጦ ቢይዝ ግን ይጠቀማል። ለምሳሌ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ ያሸነፈበት የማራቶን ውድድር የተፈጸመው በቆስጠንጢኖስ ቅስት አጠገብ ነው። ከዚያ ወደ ደቡብ ጥቂት በእግር ሲሄዱ፥ የአክሱም ሐውልት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1937 ጀምሮ ቆሞበት የነበረው አደባባይ ይገኛል። ሐውልቱ በ2005 ወደ አገሩ ተመልሶ በ2008 በአክሱም ስለ ተተከለ፥ ዛሬ በአደባባዩ አይገኝም። ለኢትዮጵያዊ ግን ስፍራው ራሱ ብዙ ይናገራል።

በመጨረሻ የቀኑን ጠባይ ማወቅ ይገባል። በጀርመንና በአውስትሪያ እሑድ አብዛኞቹ ሱቆች ስለሚዘጉ፥ ለልጆች የሚገዛ ነገር ቅዳሜ መገዛት አለበት። የቫቲካን ሙዜየም ከወሩ የመጨረሻ እሑድ በቀር እሑድ አይከፈትም፤ በብዙ ከተሞችም ሙዜየሞች ሰኞ ይዘጋሉ።

እንግዲህ ከተማን የሚመርጥ ሰው አስቀድሞ ቪዛውን ያንብብ፤ ቀጥሎ ሰዓቱን ይቍጠር፤ ከዚያም ሊያየው የሚወደውን አንድ ነገር ይወስን። ዝና ያላት ከተማ ሌላ ጊዜም ትገኛለች፤ ያለፈ የዕረፍት ቀን ግን አይመለስም።